«ተገልበጥ» ስንል ምን እያዘዝን ነው? በምርኩዝ ዝላይ ስለ አንድ ስያሜ

አንድ የሙያ ቃል ተስማሚ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጥያቄ እኛ የመዝገበ ቃላት ሠራተኞች አብዛኛውን ጊዜ የምንፈታው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ ካርዶቻችንን ዘርግተን ነው። ቃሉ ከሕዝብ ንግግር ይወሰድ፣ ከግዕዝ ይመዘዝ፣ ወይስ የውጭው እንዳለ ይግባ እያልን እንከራከራለን። ቃሉ ተሳስቶ ቢገኝ የሚያስከትለው ጉዳት ከአንባቢ ግራ መጋባት የሚያልፍ አይመስለንም። ከዚህ በታች የማቀርበው ግን ቃል ሲሳሳት ሰው በጀርባው ሊወድቅ፣ ምናልባትም አንገቱን ሊጎዳ የሚችልበትን ጉዳይ ነው።

ነገሩ የተነሣው አምባ ጊዮርጊስ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የወገራን አነጋገር ለመመዝገብ፣ በተለይም ከገብስ አዝመራ ጋር የተያያዙ ቃላትን ለመሰብሰብ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ወደዚያች ብርዳም ከተማ ወጥቼ ነበር። በዚያ የተዋወቅሁት አንድ ወጣት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሥራዬን በሰማ ጊዜ የራሱን ችግር አዋየኝ። ስለ ምርኩዝ ዝላይ የተጻፈ የእንግሊዝኛ መምሪያ ለተማሪዎቹ ወደ አማርኛ እየመለሰ ነበር። ዘላዩ እግሮቹን ወደ ላይ፣ ራሱን ወደ ታች የሚያደርግበትን ደረጃ «መገልበጥ» ብሎ ተርጉሞታል። «ቃሉ ትክክል ነው፤ ልጆቹ ግን አልገባቸውም» አለኝ። እስቲ እንየው ብዬ ወደ ሜዳ ተከተልሁት።

ሜዳው ላይ አግዳሚ ዘንግም ሆነ ፍራሽ አልነበረም። የርዝመት ዝላይ አሸዋ፣ እንዲሁም ጫፉ በጨርቅ የተጠቀለለ አጭር የቀርከሃ ምርኩዝ ነበር። አንድ ተማሪ ጥቂት እርምጃ ሮጠ፤ ምርኩዙን አሸዋው ውስጥ ተከለ፤ ተነሣ። በዚያች ቅጽበት መምህሩ «ተገልበጥ!» ሲል ጮኸ። ልጁም ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ራሱን ወደ ኋላ ወረወረ። ምርኩዙ ቀጥ ብሎ ከመቆሙ በፊት አየር ላይ ቆመ፤ ልጁ ወደ መጣበት አቅጣጫ ተመልሶ በጀርባው አሸዋው ጠርዝ ላይ ወደቀ። ደግነቱ ከፍታው ትንሽ ነበርና ጉዳት አልደረሰበትም። መምህሩ ሊቆጣ ሲል ልጁ አሸዋውን እያራገፈ፣ «መምህር፣ ተገልበጥ አሉኝ፤ ተገለበጥሁ» አለው።

እኔ በልጁ እፈርዳለሁ። የታዘዘውን ቃል በትክክል ፈጽሟል። የተሳሳተው ቃሉ ነው። ይህን ለማሳየት ግን አስቀድሞ በዚያች ቅጽበት ሊሆን የሚገባው ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል።

የምርኩዝ ዝላይ የሩጫን ፍጥነት ወደ ከፍታ የመለወጥ ጥበብ ነው። አንድ ሰው በሴኮንድ 9.5 ሜትር ቢሮጥና ፍጥነቱ በሙሉ ወደ ከፍታ ቢለወጥ፣ የክብደቱ ማእከል 4.6 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይነሣል። በሴኮንድ 6 ሜትር የሚሮጥ ጀማሪ በዚሁ ስሌት የሚያገኘው 1.8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ዘላዩ ሲቆም የክብደቱ ማእከል ያለበት ከፍታ፣ እንዲሁም አየር ላይ ሳለ በክንዱና በሆዱ የሚሠራው ሥራ ይጨመራል። አርማንድ ዱፕላንቲስ እ.ኤ.አ. በ2025 ቶኪዮ ላይ 6.30 ሜትር ሲዘል የላይኛው እጁ ምርኩዙን የያዘበት ቦታ ከዚህ ከፍታ ከአንድ ሜትር በላይ ያንስ ነበር። ማለትም እጁ ከያዘበት ቦታ በላይ አልፎ ሄዷል። ሰው እጁ ከያዘው ነገር በላይ ሊሄድ የሚችለው እግሩን አስቀድሞ፣ ራሱን አስከትሎ ነው። ራሱን ያስቀደመ ዘላይ ምርኩዙ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ይሻገራል እንጂ ከያዘው ቦታ እምብዛም አያልፍም። የዚህ ደረጃ አስፈላጊነት ይህ ነው።

ጥያቄው እግር እንዴት ወደ ላይ ይሄዳል የሚለው ነው። ቀኝ እጁን ከላይ አድርጎ የሚይዝ ዘላይ በግራ እግሩ ይነሣል። ከመሬት ሲለቅ የቀኝ ጉልበቱ ከፊት ተነሥቶ፣ የግራ እግሩ ግን ከኋላ ተዘርግቶ ይቀራል። ይህ የተዘረጋ እግር ነው ከኋላ ወደ ፊት፣ ከፊትም ወደ ላይ በረጅሙ ተወርውሮ መላ ሰውነቱን የሚያነሣው። ክንዶች አይታጠፉም፤ ትከሻ በተዘረጉት ክንዶች ሥር ወደ ኋላ ይወርዳል፤ ዳሌ ወደ እጅ ደረጃ ይወጣል፤ ቅልጥሞች ወደ ምርኩዙ ይቀርባሉ። ራስ ከአከርካሪው ጋር በአንድ መሥመር እንደ ሆነ ይቆያል። እንግዲህ ዘላዩ ራሱን ቁልቁል ያገኘዋል። «ያገኘዋል» ማለቴን አንባቢ ልብ ይበል። ራሱን ቁልቁል ያደረገው እርሱ አይደለም። ያደረገው እግሩን መወርወር ነበር፤ የቀረው ከዚያ የተከተለ ነው።

ጀማሪው ጉልበቱን ቶሎ የሚሰበስብ ከሆነ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው፣ አጭር ነገር በፍጥነት ይሽከረከራልና ሰውነቱ በቅጽበት ይዞራል፤ ዳሌው ግን ከእጆቹ ሥር ይቀራል፤ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ይሆናል። ሁለተኛውና አደገኛው ምርኩዙን የሚመለከት ነው። ምርኩዙ ራሱ በእግሩ ጫፍ ላይ የሚዞር ነገር ነው፤ ከአግድም ተነሥቶ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የዘላዩ ክብደት ዝቅ ብሎ በተንጠለጠለ መጠን ምርኩዙን ማዞር ይቀላል፤ ክብደቱ ያለ ጊዜው ወደ ምርኩዙ ጫፍ ከተሰበሰበ ማዞሩ ይከብዳል። ስለዚህ የቸኮለ ጀማሪ ምርኩዙን መንገድ ላይ ያስቆመዋል፤ ወደ ፍራሹ መውደቅ ሲገባው ወደ መሮጫው ይመለሳል። በአምባ ጊዮርጊስ አሸዋ ላይ የሆነው ይኸው ነበር።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። ገለበጠ በአማርኛ ሰፊ ቤተሰብ ያለው ግሥ ነው። መኪና ይገለበጣል፤ መንግሥት ይገለበጣል፤ ጀልባ ይገለበጣል። ተማሪ የጓደኛውን ጽሑፍ ይገለብጣል። ገንቦ የገለበጠ ሰው ውሃውን አፍስሶታል ማለት ነው። ቤተሰቡን ስንመረምር ሁለት ባሕርያት እናገኛለን። አንዱ ድንገተኛነት ነው፤ ቀስ ብሎ የሚገለበጥ ነገር እምብዛም የለም። ሁለተኛው ከሥርዓት መውጣት ነው። ግልምቢጥ የሚለውን ዘመድ ቃል ያስታውሷል፤ «ነገር ሁሉ ግልምቢጥ፣ ውሻ ወደ ሰርዶ፣ አህያ ወደ ሊጥ» ሲባል የሚሰማው መዘበራረቅ ነው። በዚህ ላይ ቃሉ በስፖርት ሜዳ ባለቤት አለው። ልጆች ሣር ላይ ወይም አሸዋ ላይ «ወደ ኋላ መገለባበጥ» የሚሉት ጨዋታ አለ፤ በጅምናስቲክም እንዲሁ። በዚያ ጨዋታ ጉልበት ይሰበሰባል፤ ራስ ወደ ኋላ ይወረወራል። ተማሪው «ተገልበጥ» ሲባል ሰውነቱ ያስታወሰው ይህን ነው። ቃሉ ባዶ ሆኖ አልመጣም፤ የራሱን እንቅስቃሴ ይዞ መጣ።

ሁለቱን እንቅስቃሴዎች ማደባለቅ በቀላል የሚታይ አይደለም። የምርኩዝ ዘላዮች ከጥንት ጀምሮ የጅምናስቲክ ልምምድ ይሠራሉ፤ የሚጠቅማቸውም ነው። ብራያን ስተርንበርግ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1963 በምርኩዝ 5 ሜትር ዘለለ። በዚያው ዓመት ትራምፖሊን በሚባለው አንጣሪ ሸራ ላይ ወደ ኋላ የመገልበጥ ልምምድ ሲሠራ ወድቆ አንገቱ ተጎዳ፤ ቀሪ ዕድሜውንም መላ አካሉ ሽባ ሆኖ ኖረ። ለዚያ አደጋ ቃል ተጠያቂ ነው አልልም። ራስን ወደ ኋላ ወርውሮ መዞር ለጀማሪ የሚታዘዝ ነገር እንዳልሆነ ለማሳየት ግን ይበቃል።

ምትክ ፍለጋ ስንነሣ ቅርብ የነበረው ቁልቁል የሚለው ነው። ይህ አቅጣጫ እንጂ ድርጊት አይደለም። ደግሞም ቁልቁል ሲባል መውረድ ይታሰባል፤ ዘላዩ ግን ራሱ ቁልቁል ቢሆንም የሚጓዘው ሽቅብ ነው። ተንጋለለ ጀርባን መሬት ላይ ያሳርፋል። ተገላቢጦሽ የአስተሳሰብ ቃል ሆኗል። ደፋ ደግሞ ከገለበጠ ጋር ውሃ በማፍሰስ ይወዳደራል።

ዘቀዘቀ ግን ሌላ ነው። የሌሊት ወፍ ተዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች እንላለን። ሐዋርያው ጴጥሮስ ተዘቅዝቆ ተሰቀለ ብለን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ገንቦ የዘቀዘቀ ሰው የቀረችውን ጠብታ ሊያንጠፈጥፍ ነው፤ ገንቦው በእጁ ነው፤ አላመለጠውም። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የጋራ ነገር አለ፤ የተዘቀዘቀው ነገር ከላይ የተያዘ ነው። ወይ ተሰቅሏል፣ ወይ ተንጠልጥሏል፣ ወይ በእጅ አለ። የተገለበጠ ነገር ግን ከመያዣው ወጥቷል። ዘላዩ ምርኩዙን በሁለት እጁ ይዞ ነው ቁልቁል የሚሆነው፤ ስለዚህ ይዘቀዘቃል እንጂ አይገለበጥም። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም የጀማሪውን እጅ ምርኩዙ ላይ የሚያቆየው ልዩነት ይህ ነው። ዘቅዛቃ መሬት የሚለውም አነጋገር ለደገኛ አዲስ አይደለም። ከግሡ ስም ማውጣት ቢያስፈልግ ከገለበጠ ግልበጣ፣ ከደለደለ ድልደላ፣ ከመነጠረ ምንጠራ እንደሚወጣ ሁሉ ከዘቀዘቀ ዝቅዘቃ ይወጣል። ጆሮ ጥቂት ይቆረቆር ይሆናል፤ ይለመዳል።

እዚህ ላይ ብናቆም ግን ሥራው ግማሽ ነው። መምህሩ «ተገልበጥ» የሚለውን ሰርዞ «ተዘቅዘቅ» ብሎ ቢጮህ ልጁ ምን ያደርጋል? ምናልባት በጀርባው አይወድቅም፤ ግን እንዴት እንደሚዘቀዘቅ አያውቅም። ዝቅዘቃ የሁኔታ ስም ነው፤ ዘላዩ የሚደርስበት ቦታ ነው። የ«ተ» ቅጥያ ያለበት የአማርኛ ግሥ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ላይ የሆነውን ይነግረናል እንጂ ባለቤቱ በምን አካሉ ምን እንዳደረገ አይነግረንም። ተኛ፣ ተነሣ፣ ተቀመጥ ብለን እናዝዝ የለም ወይ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እነዚህን ግን ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል። ያልተለመደን እንቅስቃሴ ለማዘዝ ውጤቱን ሳይሆን ውጤቱን የሚያመጣውን አድራጊ ግሥ መጥራት ያስፈልጋል። በእኔ አስተያየት የሙያ ቃላት ኮሚቴዎች ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል፤ ለመጽሐፍ የተሠራ ቃል ለሜዳም ይሆናል ብለው ያስባሉ።

እግርን በረጅሙ ከኋላ ወደ ፊትና ወደ ላይ የመወርወርን ነገር ምን እንበለው? መምህሩ መምሪያው ላይ «መወዛወዝ» ብሎ ነበር። ይህ ለዳንኪራ የተሰጠ ነው፤ ውዝዋዜ ሲባል ትከሻ እንጂ እግር አይታሰብም። ዥዋዥዌ ለጊዜው አጓጓኝ። ገመድ ላይ የሚጫወት ልጅ ከፍ ለማለት ሲፈልግ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ጀርባውን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ክንዶቹም ቀጥ እንዳሉ ይቆያሉ። ከምርኩዝ ዘላይ የሚፈለገው ከዚህ እጅግ አይርቅም። ነገር ግን ዥዋዥዌ ተመላላሽ ነው፤ ሄዶ ይመጣል፤ ግሡም ለትእዛዝ አይመችም።

መልሱን ያገኘሁት ለሌላ ሥራ ከመዘገብኋቸው የገብስ ጥበቃ ቃላት መካከል ነው። ወንጭፍ የወገራ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው መሣሪያ ነው። ድንጋዩን የሚያፈጥነው የገመዱ ርዝመት ነው፤ ገመዱን ያሳጠረ ልጅ ወፏን ቀርቶ ጎረቤቱን ማሳ አይደርስም። ወነጨፈ የሚለው ግሥም ይህን ሁሉ ይዟል፦ ርዝመትን፣ ቅስትን፣ ወደ ላይ መሄድን። ተወነጨፈ ዛሬ ለሮኬትም የሚነገር ስለ ሆነ ሽቅብነቱ ጠንክሯል። አንድ ጉድለት አለበት፤ ወንጭፍ በመጨረሻው ድንጋዩን ይለቃል፣ ዘላይ ግን እግሩን አይለቅም። ሆኖም ምሳሌ እስከ ጫፍ ሊገጥም አይገባውም።

በማግሥቱ መምህሩ ቃሉን ሞከረ፤ አሸዋው ላይ ግን አይደለም። በዚህ ላይ አብረን ተስማምተን ነበር። መዘቀዘቅን አሸዋ ላይ መለማመድ አይገባም፤ ወፍራም ፍራሽ በሌለበት ቦታ ከምርኩዝ ጋር የሚፈቀደው ዝቅተኛ አያያዝ፣ አጭር ሩጫ፣ ተንጠልጥሎ ተሻግሮ በእግር ማረፍ ብቻ ነው። የዝቅዘቃ ትምህርት የሚጀመረው በአግዳሚ ብረት ላይ ነው። አንዲት ተማሪ ብረቱን ጨብጣ ተንጠለጠለች፤ መምህሩ ከጎኗ ቆሞ ጀርባዋን በእጁ ደገፈ። «ግራ እግርሽን ወንጭፊው፤ አታጥፊው» አላት። እግሯ ከኋላ መጣ፤ ወደ ፊት አለፈ፤ ዳሌዋ ተከተለ፤ ጣቶቿ ብረቱን ነኩ። ራሷ የት እንዳለ ማንም አላሰበበትም፤ ራሷም አላሰበችበትም መሰለኝ። በአንድ ጊዜ ተሳካ ማለቴ አይደለም፤ ከእርሷ በኋላ የመጡ ሦስት ልጆች ክንዳቸውን እያጠፉ ወደ ላይ ሊሳቡ ሞከሩ። ይህም የተለመደ የጀማሪ ስሕተት ነው። ነገር ግን ራሱን ወደ ኋላ የወረወረ አንድም አልነበረም።

ዓይን በዚህ ሁሉ ውስጥ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ራሱ ቁልቁል ሲሆን መሬትን ይፈልጋል፤ መሬትን ለመፈለግ አንገቱን ወደ ኋላ ይቀለብሳል፤ አንገት ሲቀለበስ ጀርባ ይለመጣል፣ ዳሌም ይወድቃል። «ዓይንህ እግርህን ይከተል» የሚለው ትእዛዝ ከማንኛውም የአንገት መመሪያ ይሻላል።

ስለ ምርኩዝ ራሱ ጥቂት ልበል። ቃሉ በግዕዝ ምርጕዝ ነው፤ መደገፊያ በትር ማለት ነው፤ አዛውንት ይመረኮዙታል። ዘላይ ምርኩዙን አይደገፍም፤ ወደ ፊትና ወደ ላይ ይገፋዋል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ስለዚህ «ዘንግ» እንዲባል ይሻሉ። እኔ አልስማማም። ቃሉ በስፖርት ዜና ጸንቷል፤ ደግሞም በክረምት ወንዝ ሲሞላ ዱላውን መሐል ላይ ተክሎ ማዶ የሚዘለውን እረኛ ላየ ሰው ምርኩዝና ዝላይ ባዕዳን አይደሉም። ኔዘርላንድ ውስጥ ፍሪስላንድ በሚባለው ረግረጋማ አገር ከዚሁ ልማድ ፊርልየፐን የሚባል ውድድር ወጥቷል፤ በረጅም ምርኩዝ የውሃ ቦይ ይዘላሉ። እረኛውም ፍሪስላንዳዊውም አይዘቀዘቁም፤ የሚፈልጉት ስፋትን እንጂ ከፍታን አይደለምና።

ምርኩዙ የተሠራበት ነገርም በቃላቱ ላይ ለውጥ አምጥቷል። ኮርኔሊየስ ዋርመርዳም እ.ኤ.አ. በ1942 በቀርከሃ 4.77 ሜትር ዘለለ፤ ይህ ክብረ ወሰን እስከ 1957 አልተሰበረም። ቀርከሃ ብዙ አይለመጥም። በ1960ዎቹ የፋይበር ግላስ ምርኩዝ ሲስፋፋ ምርኩዙ እንደ ደጋን ጎብጦ ኀይል ማከማቸት ቻለ፤ ሰርጌ ቡብካ በ1994 6.14 ሜትር፣ ዬሌና ኢሲንባዬቫ በ2009 5.06 ሜትር የዘለሉት በዚህ ዓይነቱ ነው። ለጀማሪ ግን ልምጠት አያስፈልገውም፤ ቀጥ ባለ ምርኩዝ መወንጨፍን ያልተማረ በሚለመጥ ምርኩዝ አይማረውም።

ከዚህ በመነሣት ለካርዶቻችን የሚከተሉትን አቀርባለሁ። ተከላ፦ የምርኩዙን ጫፍ መትከያ ሣጥኑ ውስጥ ማስገባት። ውንጨፋ፦ ዘላዩ ከመሬት ከለቀቀ በኋላ የተነሣበትን እግር ሳያጥፍ ከኋላ ወደ ፊትና ወደ ላይ መወርወሩ። ዝቅዘቃ፦ ምርኩዙ እንደ ተያዘ፣ ውንጨፋው ባመጣው ኀይል ዳሌና እግር ከእጅ በላይ፣ ራስ ከታች የሚሆኑበት ሁኔታ፤ ለትእዛዝ አይነገርም። ዝርጋታ፦ ከዝቅዘቃ በኋላ እግሮች በምርኩዙ አንጻር ሽቅብ መዘርጋታቸው። ከዝርጋታ ቀጥሎ ዘላዩ ሆዱን ወደ አግዳሚው የሚያዞርበት ደረጃ አለ። ለእርሱ ዙረት የሚለውን ጽፌ በእርሳስ ከብቤዋለሁ። አምባ ጊዮርጊስ ፍራሽ እስኪመጣ ድረስ ተማሪዎቹ እዚያ አይደርሱምና ቃሉን የሚፈትንልኝ አላገኘሁም።